መብራት ሳይጠፋ ፍላሹን እዩት፦ ያገለገለ ካታሊስት 2960 ስዊች፣ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኔትወርክ የሚነካካ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኘው የኔትወርክ ሳጥን) ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ይሠራል። አንድ ቀን መብራት ይጠፋል። ይመጣል። ስዊቹ ግን አይመለስም። ፊቱ ላይ ያለችው የሲስተም መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ትቀራለች። ሁሉም ሰው «መብራት በላው» ይላል፣ ስዊቹ ከራክ (ከመሣሪያ መደርደሪያው) ይወርዳል፣ ስቶር ይገባል፣ አዲስ ይጠየቃል። እኔ ግን ስቶር ውስጥ አቧራ ለብሰው ካገኘኋቸው መካከል ጭራሽ ያልተቃጠሉ ነበሩ። ፍላሻቸው፣ ማለትም መብራት ቢጠፋም ፋይል የሚይዘው ማስቀመጫቸው፣ ቀድሞ ታሞ ነበር፣ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

ይህን የምጽፈው ለዚሁ ነው። የምሠራው እዚሁ ከተማ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ሁለት ያገለገሉ የሲስኮ ካታሊስት 2960 ስዊቾች ገዝተን ዓመት ሞላን፣ ባለ 24 ፖርት ናቸው። ስለ ፖርቶቹና ስለ ፍጥነታቸው ብዙ አላወራም። ለላብራቶሪና ለቢሮ ይበቃሉ፣ አለቀ። የማወራው ስለ ፍላሽ ሜሞሪያቸውና ስዊቹ ራሱ ፍላሹን እንድንፈትሽበት ስለሚሰጠን ነገር ነው። ያገለገለ ስዊች ስትገዙ ከሁሉም በላይ የምትገዙት እሱን ስለሆነ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው እኛ ባለሙያዎቹ እርስ በርስ ስናወራ እንደምንጠራቸው ነው። ኪቦርድ ላይ ስትጽፏቸው ያው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ለምን ሕመሙ አይታይም? ስዊቹ ሲነሳ አይኦኤስ የሚባለውን ሶፍትዌሩን ከፍላሽ ላይ ያነባል፣ ራም (መብራት ሲጠፋ የሚጸዳው የሥራ ሜሞሪ) ላይ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ከራም ነው። ፍላሹን መልሶ የሚነካው ኮንፊግ (የስዊቹን ቅንብር) ሴቭ ስታደርጉ፣ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ የምንከፋፍልበት ክፍል) ስትጨምሩ ወይም ስዊቹ ክራሽ አድርጎ ሪፖርት ሲጽፍ ነው። ስለዚህ ፍላሹ ላይ ያለው የአይኦኤስ ፋይል ዛሬ ቢበላሽ ፖርቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ፣ ኢንተርኔቱ እየሄደ፣ የሬጅስትራር ቢሮ ሥራውን እየሠራ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ጉዱ የሚታየው ስዊቹ እንደገና መነሳት ሲኖርበት ነው። እኛ አገር ደግሞ ስዊች እንደገና የሚነሳው መቼ እንደሆነ የሚወስነው መብራት ነው። «እየሠራ ነው» ማለት «ፍላሹ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ይህቺን ነገር ለእያንዳንዱ ለተግባር ልምምድ ለሚወጣ ተማሪ ደጋግሜ እነግራለሁ።

ኮንፊጉም እዚያው ነው ያለው። ብዙ ሰው ስታርትአፕ ኮንፊግ (ስዊቹ ሲነሳ የሚያነበው ኮንፊግ) ሌላ ልዩ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሾው ቨርዥን ብላችሁ ወደ ታች ስታነቡ ግን «64 ኪሎባይት ፍላሽ ሲሙሌትድ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ፍላሹ ላይ የተቀመጠ ነው ማለቱ ነው። ኮንፊግ ነጥብ ቴክስት የሚለው ፋይል ኮንፊጉ ነው፣ ቪላን ነጥብ ዳት የሚለው ደግሞ የቪላን ዝርዝሩ ነው። ፍላሹ ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ግዢው። ሁለቱን ስዊቾች የገዛነው አዲስ አበባ ከሁለት የተለያዩ ሻጮች ነው። ስማቸውን አልጠራም። ዋጋውንም አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡት ድረስ ይለወጣልና።

የመጀመሪያው ሻጭ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው። ላፕቶፔንና ኮንሶል ኬብሌን (ላፕቶፑን ከስዊቹ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘውን) ሳወጣ ደስ አላቸው። «ልጄ፣ ሰክተሽ እዪው፣ ነገ ተመልሰሽ ከምትመጪ» አሉኝ። ወንበር አመጡልኝ። ፑቲ የሚባለውን የኮንሶል ፕሮግራም ከፈትኩ፣ የመስመሩን ፍጥነት 9600 አደረግኩ፣ ከዚያ ስዊቹን መብራት ላይ ሰካሁት። ይህ ቅደም ተከተል ዋናው ነገር ነው። መጀመሪያ ስክሪኑ፣ ቀጥሎ ኃይሉ። ስዊቹ ሲነሳ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚጽፋቸው መስመሮች ናቸው የጤና ምርመራው፣ አንዴ ካመለጧችሁ አጥፍታችሁ ማብራት አለባችሁ።

እነዚያ መስመሮች እንዲህ ይላሉ። ፍላሽ ኤፍኤስ ይልና ስንት ፋይል፣ ስንት ዳይሬክተሪ እንዳለ ይቆጥራል። ቀጥሎ ስንት ወላጅ ያጡ ፋይሎች እንዳሉ ይናገራል። እዚህ ላይ ቁጥሩ 0 መሆን አለበት። ቀጥሎ ጠቅላላ ባይት፣ የተያዘ ባይት፣ ክፍት ባይት። በዚህ ሞዴል ጠቅላላው 32,514,048 ባይት ነው፣ 32 ሜጋባይት የሚባለው ፍላሽ ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ ቁጥር ካነበባችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ ፍተሻው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይጽፋል። በቃ። ስዊቹ ራሱ፣ ሳትጠይቁት፣ በተነሳ ቁጥር ፍላሹን ይፈትሽና ውጤቱን ያነባል። አንባቢ ነው የሌለው።

ወላጅ ያጣ ፋይል ምንድን ነው? አንድ ፋይል የቱ ፎልደር ውስጥ እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ሲጠፋና ፋይሉ ብቻውን ሲቀር ነው። ይህ በአብዛኛው የሚመጣው እየተጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ ነው። ፍላሽ ደግሞ ለዚህ በባሕርይው የተጋለጠ ነው። ፍላሽ ላይ የተጻፈ ነገር ላይ ዝም ብሎ መደረብ አይቻልም። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ብሎክ ይጠፋል፣ ከዚያ ይጻፋል። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ ቶሺባ ውስጥ ሲፈለስፈው አንድ ባልደረባው ብሎኩ ባንዴ ጥርግ ብሎ ሲጠፋ የካሜራ ፍላሽ ትዝ አለውና ይህን ስም አወጣለት ይባላል። እንግዲህ በማጥፋትና በመጻፍ መካከል ባለችው ቅጽበት መብራት ቢሄድ የቀድሞውም የለም፣ አዲሱም የለም።

የሰውዬው ስዊች ንጹህ ነበር። ወላጅ ያጣ 0። ተነስቶ ሲያልቅ ሾው ፋይል ሲስተምስ አልኩት። ይህ ትዕዛዝ ስዊቹ የሚያውቃቸውን ማስቀመጫዎች በሙሉ ይዘረዝራል። ከጠቅላላው ስንት ክፍት እንደሆነ፣ ዓይነታቸው ምን እንደሆነ፣ መጻፍና ማንበብ ይቻል እንደሆነ በአንድ መስመር ታያላችሁ። ከፊት ለፊቱ ኮከብ ያለበት ስዊቹ በነባሪነት የሚጠቀምበት ነው፣ እሱም ፍላሽ መሆን አለበት። ፍላሹ ከነጭራሹ ካልተነበበ እዚህ ዝርዝር ላይ መጠኑ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ ዲር ፍላሽ። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የፋይሎቹን ቀን ስታዩ ማርች 1 ቀን 1993 የሚል ሞልቶ ታገኛላችሁ። ስዊቹ ያን ያህል አሮጌ ሆኖ አይደለም። ውስጡ ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ የለውም። በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ከዚያች ቀን ይጀምራል፣ ከኔትወርክ ላይ ሰዓት ካልሰጣችሁት በቀር። ስለዚህ ኮንፊግ ፋይሉ ማርች 1 ላይ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተጻፈ ከሆነ አንድ ሰው ስዊቹን አብርቶ ወዲያው ሴቭ አድርጓል ማለት ነው። ማርች ወይም ኤፕሪል 1993 መጨረሻ የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ሳይጠፋ ሳምንታት ቆይቶ ነበር ማለት ነው። ስለ ድሮ ባለቤቱ ከሻጩ የበለጠ ይነግራችኋል። የሰውዬው ስዊች ላይ የነበረው ኮንፊግ ስዊቹ ከተነሳ ሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ የተጻፈ ነበር። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ባለበት ቤት ያደገ ዕቃ ነው ብዬ ወሰንኩ፣ አልተሳሳትኩም።

ሁለተኛው ሻጭ ጋ ነገሩ ሌላ ነበር። ልጅ እግር ነው። «እህቴ፣ በርቷል አይደል? መብራቱ ይታይሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ኮንሶል ልሰካ ስል ቁጥጥር የበዛበት መሰለው። መሽቷል፣ የኮሌጁ መኪና እየጠበቀ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ይቀረናል፣ አብሮኝ የመጣው የግዢ ሠራተኛ ደግሞ ሰዓቱን ያያል። ሳልሰካ ገዛሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ሰካሁት። ተነሳ። ነገር ግን ወላጅ ያጡ ፋይሎች 3 ይላል። ዲር ስል ክራሽ ኢንፎ የሚባለው ፎልደር በድሮ የብልሽት ሪፖርቶች ተጨናንቋል። ከአንዱ አይኦኤስ ጎን ደግሞ ሌላ ግማሹ ብቻ የተገለበጠ አይኦኤስ ተቀምጧል፣ የሆነ ሰው አፕግሬድ ጀምሮ መሃል ላይ የተወው። ክፍት የቀረው ቦታ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነበር። ይህ ስዊች መብራት የሚመላለስበት ቦታ ሲሠራ የኖረ ነው። እንደ ሰው ፊቱ ላይ ይነበባል።

እዚያው ላጸዳው ይገባ ነበር። የምዝገባ ሳምንት ደረሰ፣ «ከምዝገባ በኋላ» አልኩና ራክ ላይ ሰቀልኩት። የምዝገባው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ። የመጀመሪያው ስዊች ተነሳ። ሁለተኛው አልተነሳም። ኮሪደሩ ላይ ከመንዝና ከተጉለት ድረስ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ወላጆች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከማለዳ ጀምሮ ነው የቆሙት። ሬጅስትራሯ እትዬ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው እየመጡ «ልጄ፣ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። ያን ቀን ነው ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ አለብኝ ያልኩት።

ኮንሶል ስሰካ ስክሪኑ ላይ አይኦኤሱን መጫን አልቻልኩም ይላል፣ የሚነሳበት ፋይል ስጡኝ ይላል፣ ከሥሩ «ስዊች» የሚል ቃልና ሁለት ነጥብ። ይህ ቡትሎደር ነው፣ አይኦኤሱን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ስዊቹ ሞተ ብሎ ይነቅለዋል። አልሞተም። እንዲያውም ይህን ምርት ከልቤ የማመሰግንበት ቦታ እዚህ ነው። ቡትሎደሩ የተቀመጠው ፍላሹ ላይ ካለው ፋይል ሲስተም ውጭ ስለሆነ ፋይሎቹ በሙሉ ቢበላሹ እንኳ እሱ ይቆማል፣ ያናግራችኋል። በራሳችሁ ፈቃድ እዚያ መግባት ስትፈልጉ ደግሞ ፊቱ ላይ ያለውን ሞድ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ኃይሉን ስኩት፣ የሲስተም መብራቱ ለአጭር ጊዜ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ሲመለስ ልቀቁት።

እዚያ ውስጥ መጀመሪያ ፍላሽ ኢኒት። ፋይል ሲስተሙን ይከፍተዋል። ቀጥሎ ኤፍኤስሲኬ፣ የፋይል ሲስተም መፈተሻው። ይህ ሁለት መልክ አለው። ልዩነታቸውን ማወቅ ብዙ ያድናል። ሰረዝ ኤፍ ያለበት ፈጣን ነው፣ የፋይሎቹን አቀማመጥ ብቻ አይቶ ያልፋል፣ በየክፍሉ ያለውን የማረጋገጫ ድምር አያሰላም። ሰረዝ ቴስት ያለበት ግን ፋይል ሲስተሙ የተቀመጠበትን እያንዳንዱን ባይት ይፈትሻል፣ ያለውንም ነገር አያጠፋም። ጊዜ ይወስዳል። ታገሱት። እኔ የፈለግኩት ይህኛውን ነበር፣ ምክንያቱም ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የተበላሸው ቺፑ ነው ወይስ ጽሑፉ? ቺፑ ከሆነ ፎርማት ማድረግ ጉልበት መጨረስ ነው። ጽሑፉ ብቻ ከሆነ ስዊቹ ይድናል። ፍተሻው ያለ ስህተት አለቀ። ቺፑ ደህና ነው። እትዬን «ይድናል፣ ግን ሰዓት ይፈልጋል» አልኳቸው። እሳቸውም ወላጆቹን ወደ ካፍቴሪያው ወሰዷቸውና ሻይ አስቀዱላቸው።

ፎርማት ፍላሽ አልኩት። ሁሉም ነገር ጠፋ። ቡትሎደር ላይ ሳላችሁ በኔትወርክ ፋይል መቀበል አይቻልም፣ በዚህ ሞዴል ያለው መንገድ ኤክስሞደም የሚባለው የፋይል መላኪያ ዘዴ ነው፣ በኮንሶል ኬብሉ በኩል። እዚህ ላይ ሂሳብ ሥሩ። አይኦኤሱ 11 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በ9600 ፍጥነት በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ብቻ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ማለት ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሴት ባውድ 115200 ብላችሁ (ባውድ የመስመሩ ፍጥነት ነው) ላፕቶፑንም ወደዚያው ቀይሩ። ያው ሥራ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ሌላ፣ ፑቲ ኤክስሞደም አያውቅም። ኤክስሞደም የሚያውቀውን ቴራ ተርምን አስቀድማችሁ ላፕቶፕ ላይ ጫኑ፣ ኢንተርኔቱ በጠፋበት ሰዓት ላውርደው ብትሉ ከየት ታመጡታላችሁ?

ከሃያ ምናምን ደቂቃ በኋላ ስዊቹ ተነሳ። ኮንፊጉን ፍላሽ ዲስክ ላይ ካስቀመጥኩት ቅጂ መለስኩት፣ ቪላኖቹን ግን በእጄ እንደገና ሠራኋቸው፣ ምክንያቱም ቪላን ነጥብ ዳት የሚለውን ፋይል ለብቻው አልገለበጥኩትም ነበር። ባክአፕ ስታደርጉ ሁለቱንም ውሰዱ። ምዝገባው እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቆየ፣ ግን የተመለሰ ሰው አልነበረም።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ሥራው ሲያልቅ ባውዱን ወደ 9600 መልሱት። ካልመለሳችሁት ቀጥሎ ኮንሶል የሚሰካው ሰው ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ ፊደል ያያል፣ ስዊቹ አበደ ብሎ ይነቅለዋል።

አሁን ስዊቹ እየሠራ ሳለ ስለሚደረገው ፍተሻ። አይኦኤሱ ውስጥ ሆናችሁም ኤፍኤስሲኬ ፍላሽ ማለት ትችላላችሁ። ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ ልቀጥል? ብሎ ይጠይቃል፣ ኢንተር ስትሉ ይጀምራል። እኔ ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ላብራቶሪው ባዶ ሲሆን አደርገዋለሁ። ግን ይህ ፍተሻ የሚያየው መደርደሪያውን ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አያነብም። መዝገቡ ትክክል ሆኖ የአይኦኤሱ ፋይል ውስጡ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ቬሪፋይ የሚባለው ትዕዛዝ አለ፣ ከኤምዲ5 (የፋይሉን አሻራ ከሚያሰላው ዘዴ) ጋር። ፋይሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ 32 ፊደልና ቁጥር ይሰጣችኋል። ያንን አምራቹ በዳውንሎድ ገጹ ላይ ለዚያው ፋይል ካወጣው ጋር ታመሳክራላችሁ። አንዲት ፊደል ብትለይ ፋይሉ ያው አይደለም። ስዊቹ እየሠራ ሳለ ይህን ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። አይኦኤሱ ራም ላይ ስላለ በኔትወርክ ጤነኛ ቅጂ ታስገባላችሁ፣ ማንም ሳይሰማ ነገሩ ያልቃል። ሁለቱን ፍተሻዎች አንድ ላይ አድርጉ። አንዱ ብቻ ሲሆን ግማሽ ምርመራ ነው።

ምን ይጎድለዋል? ቦታው ትንሽ ነው። 32 ሜጋባይት ላይ ሁለት አይኦኤስ ለማስቀመጥ ለዌብ ገጽ የሚሆኑትን ፋይሎች መሰረዝ ሊኖርባችሁ ይችላል። ዲር ስትሉ በመቶ የሚቆጠር ፋይል የሚታየው ከነሱ የተነሳ ነው። በኮማንድ ከሆነ የምትሠሩት አጥፏቸው፣ ምንም አይቀርባችሁም። ሁለተኛው ነገር፣ ፍላሹ ምን ያህል እንዳረጀ የሚናገር ቁጥር የለም። የፍላሽ ብሎክ መጥፋትና መጻፍ የሚችለው የተወሰነ ጊዜ ነው። ማይክሮቲክ የሚባሉትን የኔትወርክ መሣሪያዎች የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፣ ሲስተም ሪሶርስ ፕሪንት ስትሉ የተበላሹ ብሎኮችን በመቶኛ ያሳያል፣ እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተጻፈበትም ይቆጥራል። ያ በጣም ግሩም ነገር ነው፣ እዚህ ቢኖር እመኛለሁ። የኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ደግሞ ሾው ፍላሽ ስትሉ ሁለት ሶፍትዌር ያሳዩዋችኋል፣ አንደኛና ሁለተኛ፣ አንዱ ሲበላሽ በሌላው መነሳት ይቻላል። እንደኛ መብራቱ ለሚመላለስበት አገር ይህ ሁለተኛ ቅጂ ትልቅ ነገር ነው። በቡትሎደሩ ጥልቅ ምርመራ ግን 2960ን የሚያህል በዚህ ዋጋ አላየሁም። ለፍላሽ ፍተሻው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ።

ስለ አየሩ የሚጠይቁኝ አሉ፣ በተለይ እዚሁ ከተማ ጠባሴ አካባቢ ሱቅና ቢሮ ያላቸው። የአምራቹ ወረቀት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታና ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ሙቀት ይላል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፣ ስለዚህ ከፍታው ያስኬደናል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደጅ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ያለ ስዊች ራሱን ያሞቃል። ብርዱ ይልቅ ለመሣሪያው ጥሩ ነው። ሸዋ ሮቢት ለወዳጄ የተከልኩት ግን ሌላ ነው። እዚያ ሙቀቱና አቧራው ፋኑን ይደፍነዋል፣ በየሦስት ወሩ ተከፍቶ ካልተነፋ ይግላል።

ኮንሶል ኬብል ስትገዙ ተጠንቀቁ። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይሩት ኬብሎች ውስጥ ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ ተመሳስሎ የተሠራ ነው፣ አዲስ ድራይቨር ሲያገኘው አልቀበልም ይላል፣ ዲቫይስ ማናጀር ላይ ቢጫ ምልክት ታያላችሁ። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ሌላው ምክሬ ዩፒኤስ ነው። ትልቅ መሆን የለበትም። እናንተ ሮጣችሁ እስክትደርሱና ሴቭ እያደረገ ያለ ስዊች ጽፎ እስኪጨርስ የሚያቆይ ይበቃል። መብራት ሲንቀዠቀዥ ደግሞ ሴቭ አታድርጉ፣ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

ሻጩ ኮንሶል እንድትሰኩ ካልፈቀደ፣ መኪናው ቢሄድም ይሂድ፣ አትግዙ። የፈቀዱልኝ ሰውዬ ጋ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፣ ሰዎችም ልኬባቸዋለሁ።

ሁለተኛው ስዊች አሁንም ራኩ ላይ ነው፣ ከመጀመሪያው በታች። ያለፈው ቅዳሜ ፈትሼው ነበር። ወላጅ ያጣ ፋይል 0። ወላጅ ያጣ ዳይሬክተሪ 0። ኤምዲ5ቱም ገጥሟል። ክፍት ቦታው ከግማሽ በላይ ነው። ቁጥሮቹን ራኩ በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ከቀኑ ጋር ጻፍኳቸው፣ ያለፉት አስራ አንድ ወራትም እዚያው አሉ።